ሟች እንግዳ ተቀባይ ነበሩ

ባለፈው ሰሞን ቀብር ላይ ነበርኩ። ግብዓተ መሬቱ ከመፈጸሙ በፊት የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ሰው አልነበረም።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ደግሜ አነበብኳት። ከአምስት ዓመት በፊት ብጽፋት ኖሮ የጋዜጣው አራሚ ደውሎ፣ "ጋሼ፣ እዚህ ጋ አንድ ቃል ሳይዘለል አልቀረም፤ ማን ያልነበረው?" ይለኝ ነበር። ዛሬ አራሚውም አይደውልም። እሱም ሥራውን በማሽን እያስጨረሰ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ሟቿ የሰፈራችን የጉልት ነጋዴ ነበሩ። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ በክረምት ከሰል፣ ለበዓል ቄጤማ ይሸጣሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ዱቤ ግን ይሰጣሉ። ዱቤ የሚሰጥ ሰው ደግሞ መዝገብ ያስፈልገዋል። የእሳቸው መዝገብ የማድ ቤታቸው በር ነበር። የጣውላ በር ነው፤ ከላይ እስከ ታች በከሰል በተሳሉ ምልክቶች የተሞላ። እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ምልክት አለው፤ ከምልክቱ ጎን ጭረት ይደረደራል፤ ሲከፈል ጭረቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠፋል። አንድ ቀን ነገሩ ቢገርመኝ፣ "እትዬ፣ ለመሆኑ እኔ የቱ ጋ ነኝ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት ክቦች አሳዩኝ። አልገባኝም። "መነጽርህ ነዋ፣ አንተ ሞኝ! ይኼን ሁሉ ተምረህ?" ብለው ሳቁብኝ። ከእኔ በላይ አንድ ረጅም መስመር ነበር፤ የሰፈራችን ረጅሙ ፖሊስ ነው። ከሥሬ ደግሞ ክራር የምትመስል ነገር ነበረች። ያቺ የማን እንደሆነች ሊነግሩኝ ፈቃደኛ አልሆኑም። የሰው ገበና ነዋ።

ኮምፒውተር የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ መጀመሪያ የማሽን ስም አልነበረም። ቁጭ ብሎ ሂሳብ የሚያሰላ ሰው መጠሪያ ነበር። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በዚህ የሥራ መደብ ተቀጥረው ደመወዝ የሚበሉ ሰዎች፣ ብዙዎቹም ሴቶች፣ ነበሩ። በዚህ ትርጉም ከሄድን ሰፈራችን አንድ ኮምፒውተር ነበራት፤ እሳቸውንም ቀበርናቸው።

ወደ ቀብሩ ልመለስ። የሰፈራችን የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ወይም ነበርኩ። ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ለእድር ሌላ ምን ይጠቅማል? ድንኳን ለመትከል ወገቤ አይችልም፤ ገንዘብ ያዥ ልሁን ብል የሚያምነኝ የለም። ስለዚህ ሰው ባረፈ ቁጥር፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ በሬ ይንኳኳል። በዚህኛው ቀብር ግን ያንኳኳ አልነበረም። ጡሩምባውን ሰምቼ እንደማንኛውም ለቀስተኛ ወጣሁ። ከፍታቱ በኋላ የልጅ ልጃቸው፣ የኮሌጅ ተማሪ ነው፣ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ማንበብ ሲጀምር ነገሩ ገባኝ። እውነቱን ልናገርና የመጀመሪያ ስሜቴ ሐዘን አልነበረም፤ ቅናት ነበር።

ጽሑፉ ያምር ነበር። መጥፎ ነው ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ግን ሥራዬ መተቸት እንጂ መሳደብ አይደለም። ሐሳቡ ተያይዟል፤ የፊደል ግድፈት የለበትም፤ የልጁም ድምፅ ደህና ነው። ሴቶቹ አለቀሱ። በኋላ በቴሌግራም አስልኬ በእርጋታ አነበብኩት፤ እንደ ድሮው እርሳስ ይዤ። ሟች "እናት ብቻ ሳይሆኑ የማኅበረሰቡ ምሰሶ" ነበሩ። "የሕይወት ጉዟቸው" በፈተና የተሞላ ቢሆንም "በጽናትና በተስፋ" ተጉዘውታል። "በብዙዎች ሕይወት ላይ የማይፋቅ አሻራ" ትተዋል። ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይና ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። ዛሬ በሥጋ ቢለዩንም "ትሩፋታቸው በልባችን ውስጥ መኖሩን ይቀጥላል።"

"መኖሩን ይቀጥላል" የምትለው ላይ ስደርስ እርሳሴ ቆመች። በአማርኛ የሚኖር ነገር ይኖራል፤ በቃ። መኖሩን የሚያስቀጥለው እንግሊዝኛ ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ "ነበሩ"፣ "አሳደጉ" እያለ በአክብሮት የመጣው ጽሑፍ ድንገት "ልጆቿን በሥነ ምግባር አንጻለች" ብሎ ቁጭ! ሰማንያ ዓመት የሞላቸው እናት በአንድ ግሥ የጎረቤት ኮረዳ ሆኑ። እንግሊዝኛ ለንግሥትም ለሠራተኛዋም አንድ "እሷ" ነው ያለው፤ እኛ ዘንድ ግን በዚህች ቅጥያ ሰው ይጣላል። ልጁም እዚያ ጋ ሲደርስ አንደበቱ ተሰናክሎ ነበር፤ ከኋላዬ የቆሙ አንድ አዛውንት "እንዴ!" ሲሉ ሰምቻለሁ።

ደግነቱ እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ማሽኑ በሚቀጥለው ዓመት ይተዋቸዋል። ጉግል በእ.ኤ.አ. 2016 አማርኛን ከሚተረጉማቸው ቋንቋዎች ተርታ ሲያስገባ የመጀመሪያ ሰሞን የሰጠንን ትርጉም እያነበብን በሳቅ ስንፈርስ እንደነበር አትረሱትም። ዛሬ ያን ያህል አንስቅም። ማሽን በሚሳሳተው ላይ ብቻ ቆሞ የሚተች ሰው ሥራው ቶሎ ያልቅበታል።

የከፋው ሌላ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ሴትዮዋ የሉም። ጉልቱ የለም፤ ከሰሉ የለም፤ በሩ የለም። ጎረምሳው ሁሉ የሚፈራው ምላሳቸው የለም። ስማቸውን አውጥቼ ያንተን ስም፣ ወይም ያንቺን፣ ብተካበት ጽሑፉ ምንም አይጎድልበትም።

ልጁን ከሰልስት በኋላ አገኘሁት። እየፈራ ነው የመጣው፤ ኩርፊያዬ ሰፈሩን አዳርሶ ኖሯል።

"ጋሼ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ እርስዎን መቀስቀስ ከበደኝ" አለኝ።

"ይሁን። ምን ብለህ ነው የጠየቅከው?"

"የሰማንያ ዓመት እናት፣ ነጋዴ፣ ሃይማኖተኛ፣ አራት ልጆች፣ አሥራ አንድ የልጅ ልጆች። አጭርና ልብ የሚነካ ይሁን አልኩት።"

"በሩንስ ነገርከው?"

ግራ ገብቶት አየኝ። "በሩ ደግሞ ምን ይደረጋል? እንዴ ጋሼ፣ በቀብር ላይ የዱቤ ነገር ይነበባል?"

ልክ ነው። እኔም ብሆን አልጽፈውም ነበር።

ሴቶቹ ግን ለምን አለቀሱ? ይህ ጥያቄ ጥቂት ቀን አብሮኝ ሰነበተ። በማስተማርበት ዘመን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የማነሳው አንድ ታሪክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባለ የኤምአይቲ ፕሮፌሰር ኢላይዛ የሚል ስም የሰጠውን ፕሮግራም አሳተመ። ኢላይዛ የሥነ ልቦና ሐኪም ነኝ ባይ ናት። "እናቴን አስታወስኩ" ብለህ ስትጽፍላት የራስህን ቃል ገልብጣ "ስለ እናትህ ንገረኝ" ትልሃለች። የምታውቀው ነገር የለም፤ ትገለብጣለች፣ በቃ። የዋይዘንባውም የገዛ ጸሐፊው ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት ያየች ሴት ነበረች። አንድ ቀን ከኢላይዛ ጋር ጥቂት እንደተጻጻፈች እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ አለችው፤ ብቻዬን ላናግራት ማለቷ ነው። ሰውየው ደነገጠ፤ ቀሪ ዕድሜውንም የሠራውን ነገር ሲያስጠነቅቅበት ኖረ። የእኛም ሴቶች ያለቀሱት ለጽሑፉ አይደለም። "የማይፋቅ አሻራ" ሲባል እያንዳንዳቸው በየልባቸው የራሳቸውን አሻራ አምጥተው ሞሉበት፤ አንዷ በዱቤ የተሰጣትን ዱቄት፣ ሌላዋ በሰው ፊት የተሰደበችውን ስድብ። ባዶ ዕቃ ነበር የቀረበላቸው፤ ውኃውን ከቤት ይዘው ነው የመጡት።

ታዲያ ይህን ካልኩ በኋላ አርፌ ብቀመጥ ጥሩ ነበር። አላረፍኩም፤ ፋይሌን አወጣሁ። የጻፍኳቸውን የሕይወት ታሪኮች ግልባጭ አስቀምጣለሁ፤ የመምህርነት ልማድ ነው። ሳነብ አመሸሁ። ሁሉም ደግ ነበሩ። ሁሉም ሩኅሩኅ። በሰፈራችን እንግዳ የማይቀበል ሰው ሞቶ አያውቅም። አራጣ አበዳሪው እንግዳ ተቀባይ ነበሩ። ሚስታቸውን ሲደበድቡ ሰፈር የሚያስነሱት ሰውዬ "ትዳራቸውን አክባሪ" ተብለዋል፤ የእጅ ጽሑፉ የእኔው ነው። አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ "ለወገን ተቆርቋሪ" ሆና ተቀብራለች። ልጅቷ የምትወደው ዘፈንና መንገድ ላይ ጮክ ብሎ መሳቅ እንደነበር አውቅ ነበር፤ አውቄ ነው ያልጻፍኩት። ለቀብር አይሆንማ።

ስለዚህ ማሽኑ ያንን ዝርዝር ከየት አመጣው ብዬ ባልደነቅ ይሻላል። ከእኔ ብጤዎች ነው። እነዚህ ማሽኖች፣ ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ ዓለም የሚያወራላቸው፣ አሠራራቸው ሲቃለል እንዲህ ነው። ስፍር ቁጥር የሌለው ጽሑፍ ይመገባሉ፤ ከዚያ ውስጥ ከየትኛው ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል ያሰላሉ። "ደግ፣ ሩኅሩኅ" ካልክ ቀጥሎ የሚመጣው "እንግዳ ተቀባይ" ነው። እኛ ነን እንደዚያ ያደረግነው። አዲስ አበባ የተወለደችው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ትምኒት ገብሩ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ጽሑፍ እነዚህን ማሽኖች የሚሉትን ከማያውቁ በቀቀኖች ጋር አመሳስላቸዋለች። ምስሉ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ለበቀቀኗ እከራከራለሁ። በቀቀን ቢያንስ የምትደግመው ባደገችበት ቤት የሰማችውን ነው። እትዬ በቀቀን ቢኖራቸው ኖሮ ቀብሩ ላይ "አንተ ሞኝ!" ብላ ትጮህ ነበር፤ ሁላችንም ድምፁን እናውቀው ነበር። ማሽኑ ያደገው ከማን ቤት ነው?

ይህንን ጥያቄ በአማርኛ ስንጠይቀው መልሱ ያሳዝናል። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት፤ የአማርኛው ሃያ ሺህ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ውጪ በኢንተርኔት ላይ በብዛት የሚገኘው አማርኛ የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጉም፣ የሃይማኖት ስብከት፣ ዜናና የመግለጫ ጋጋታ ነው። አብዛኛው ልቦለዳችን ወረቀት ላይ ነው፤ የጉልት ነጋዴ አማርኛማ ወረቀትም አላገኘ። ስለዚህ ማሽኑ አማርኛ ሲናገር እንደ ዜና አንባቢና እንደ ሰባኪ መናገሩ አይግረማችሁ። ከሌላ ሰው ጋር አላስተዋወቅነውም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ያ ልጅ ያነበበው ጽሑፍ ዛሬ በአንድ የፌስቡክ ገጽ ላይ ተለጥፏል፤ ከፎቶግራፋቸው ጋር። ነገ የሚሠለጥነው ማሽን ያንን ያነባል። ከእኛ የወሰደውን መልሰን እንሰጠዋለን፤ እሱም አላምጦ ይመልስልናል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ማሽን ማሽን የጻፈውን እየተማረ ትውልድ በትውልድ ሲተካካ ምን እንደሚሆን መርምሯል። የሚሆነው መበስበስ ነው። መጀመሪያ የሚጠፉት ደግሞ በብዛት የሚገኙት ነገሮች አይደሉም፤ ጥግ ጥጉን ያሉት፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥሙት ናቸው። አጥኚዎቹ ይህን በሂሳብ ነው ያሳዩት። እኔ ሳነበው ግን የታየኝ የማድ ቤት በር ነው።

ነገሩን ከማሽን ጥላቻ እንዳትቆጥሩብኝ። ከማሽን ጋር የቆየ ሂሳብ እንዳለን ላስታውስ ብዬ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲደክሙ ችግሩ የሁላችንም ችግር ነበር፤ ከሁለት መቶ በላይ የሆነ ፊደል በጥቂት ቁልፎች ላይ እንዴት ይሰፍራል? መፍትሔው ፊደሉን መበጣጠስ ሆነ፤ ግዕዙን መትቶ፣ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ቅጥያ ለብቻ መምታት። በዚያ መኪና የተጻፈ ደብዳቤ ያየ ሰው እግራቸው ከገላቸው የራቀ ፊደሎችን ያስታውሳል። በዚያው ዘመን ፊደላችን ይቀነስ፣ ይሻሻል የሚለው ክርክር ጦፎ ነበር፤ ከምክንያቶቹ አንዱ መኪናው ነው። ማሽን በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠየቀው የእኛ ማጎንበስ ነው። ኮምፒውተሩ ሲመጣም ያው ነበር፤ አንዱ በአንድ ዓይነት ፎንት የጻፈው ሌላው ዘንድ ሲከፈት የጥንቆላ ጽሑፍ መስሎ የሚመጣበትን ዘመን እኔና እኩዮቼ አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ነው ፊደላችንን ከዓለም ፊደላት ተርታ ያስገባው። ያኔም ቢሆን የሞባይል አጭር መልእክት በላቲን 160 ፊደል ሲፈቅድ በእኛ ፊደል 70 ብቻ ነበር የሚፈቅደው። ሕዝቡ "ሰላም ነው?" ለማለት የላቲን ፊደል መደርደር የለመደው በሞኝነት አይደለም።

ቢሆንም ተወጣነው። ሀውም ሐውም ኀውም፣ ይበጃል አይበጅም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ሁሉም ስልኬ ውስጥ አሉ። ፊደሉን ከመኪናው አትርፈነዋል። አሁን እየተጎነበሰ ያለው ዓረፍተ ነገሩ ነው፤ ለዚህኛው ደግሞ የሚከራከር ኮሚቴ እንኳ አልተቋቋመም፤ ምክንያቱም ዓረፍተ ነገር ሲጎብጥ እንደ ፊደል በዓይን አይታይም። ተማሪው ማሽኑን ይጠይቃል፣ ጋዜጠኛው ማሽኑን ይጠይቃል፣ የመሥሪያ ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት ማሽኑን ይጠይቃል። ሁሉም "ብቻ ሳይሆን" እያለ ይመለሳል። ባለፈው ወር ብቻ ሦስት የሠርግ ጥሪ ደርሶኛል፤ ሦስቱም ጋብቻ "ሁለት ልቦች የሚጣመሩበት ውብ ጉዞ" መሆኑን ነግረውኛል። ድሮ እኮ "አክብረው ጥሪያችንን እንዲቀበሉን" ብቻ ነበር የሚባለው። ደረቅ ነበር፤ ግን የማይሉትን አይልም ነበር።

እኔ የማልወደው ደግሞ ወዳጆቼ የሚጽናኑባት መጽናኛ አለች። "አይዞህ፣ ሰምና ወርቅ ያለው ቋንቋ ማሽን አይደፍረውም" ይሉኛል። እንዲህ የሚለኝ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱ አንድ ቅኔ ፈትቶ አያውቅም። ቃል ሁለት ትርጉም እንዳለው ማወቅ የመዝገበ ቃላት ሥራ ነው፤ ማሽን የሚያሸንፈን ደግሞ በመዝገበ ቃላት ነው። ዛሬ ባይችል ነገ ሰሙንም ወርቁንም ቆጥሮ ያስረክበናል። ሁለት ክብ ግን መነጽር መሆኑን፣ መነጽሩም የእኔ መሆኑን በየትኛው መዝገበ ቃላት ነው የሚያገኘው? ምሽጋችንን የተሳሳተ ቦታ ነው የቆፈርነው።

ስለ መጪው ጊዜ ካወራን አይቀር፣ አንድ ነገር በልቤ ተስፋ የማደርግበት አለ። ኮምፒውተር ከጣት ወደ ጆሮ እየሄደ ነው። የቁልፍ ሰሌዳ ፊደል ለቆጠረ ሰው ነው የተሠራው፤ ንግግር ግን የሁሉም ነው። እትዬ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዓረብ አገር ካለች ልጃቸው ጋር በድምፅ መልእክት ነበር የሚገናኙት። የልጅ ልጁ ይከፍትላቸዋል፤ እሳቸው ስልኩን አፋቸው ላይ ለጥፈው እንደ ጉልት ይጮሁበታል። የሚሰማና በወግ የሚመልስ አማርኛ ተናጋሪ ማሽን ቢያገኙ የመድኃኒት ወረቀት ያስነብቡት ነበር፤ የቀበሌ ማስታወቂያ ያስነብቡት ነበር፤ ሲሳሳት ይሰድቡት ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ነገር ባርኔጣዬን አነሳለሁ። መንገዱ ግን አልጋ ባልጋ አይደለም። "ገና" ላልቶ ሲነበብ አልደረሰም ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓል ነው። "አለ" ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ይገኛል ነው። ጽሑፋችን ይህን አያሳይም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት "ፍቅር እስከ መቃብር" የሚጠብቁት ፊደላት ላይ ነጥብ እያደረጉ ይህን ክፍተት ሊደፍኑ ሞክረው ነበር፤ ተከታይ አላገኙም። ያኔ ተከትለናቸው ቢሆን ዛሬ ማሽን ማስነበብ ይቀለን ነበር እያልኩ ስቀልድ፣ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን ፕሮግራመር ነው፣ ቀልድ እንዳልሆነ ነገረኝ።

አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ማይንድ በተባለው የፍልስፍና መጽሔት ላይ ማሽን ማሰብ ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ያነሳበት ጽሑፍ አለ። ብዙ ሰው ስለ ፈተናው ያወራል፤ እኔን ሁሌም የሚይዘኝ ግን መሐሉ ላይ ያስገባት ትንሽ ምልልስ ናት። ጠያቂው ስኮትላንድ ስላለ አንድ ድልድይ ሶኔት ጻፍልኝ ይላል። መላሹ፣ ሰው ይሁን ማሽን ገና አልታወቀም፣ ከዚህስ አውጡኝ፣ ግጥም ሆኖልኝ አያውቅም ብሎ ይመልሳል። ቀጥሎ 34957 እና 70764 ደምር ይባላል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ያስብና 105621 ይላል። ደምሩት። ትክክለኛው 105721 ነው። ብዙዎች ስህተቱን ቱሪንግ ሆን ብሎ ያስገባው ነው ይላሉ፤ እኔም እንደዚያ ነው የማነበው። በቱሪንግ ምናብ ውስጥ ሰው መስሎ ለመታየት የሚፈልግ ማሽን መጀመሪያ የሚማረው አልችልም ማለትን፣ ቀጥሎም መሳሳትን ነው። ትሕትና የብልጠት ምልክት ነበር። የዛሬው ማሽን መሳሳቱን ወርሷል፤ አልችልም ማለቱን ግን ከየትም አልተማረም። ምናልባት እኛም ጋ አላገኘው ይሆናል።

ባለፈው ቅዳሜ፣ አርባቸው ካለፈ በኋላ፣ ያ ልጅ እኔ ቤት መጣ። ቤታቸው ለልማት ሊፈርስ ነው። በሩን ነቅሎ የሚያስቀምጥበት ስላጣ ፎቶግራፍ አንስቶታል። "እርስዎ ስለ በሩ ካነሱብኝ ጊዜ ጀምሮ ከነከነኝ" አለ። ፎቶውን ለማሽኑ አሳይቶ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቆታል፤ መልሱንም አነበበልኝ። በሩ በኢትዮጵያ ባህላዊ ቤቶች ላይ የሚታይ ጥንታዊ ጌጥ ነው። ረጅሙ መስመር የሕይወት ዛፍ ነው። የተጣበቁት ሁለት ክቦች የፀሐይና የጨረቃ፣ ወይም የባልና የሚስት አንድነት ተምሳሌት ናቸው። ጭረቶቹ ዝናብን፣ በረከትንና መራባትን ያመለክታሉ። በጥሩ አማርኛ ነው የጻፈው፤ "መኖሩን ይቀጥላል" የሚል የለበትም።

ፎቶውን ተቀብዬ አጉልቼ አየሁት። ፖሊሱ ንጹሕ ነው፤ ከጎኑ አንድም ጭረት የለም። ክራሯ አሥራ አንድ አለባት። መነጽሬ ጎን ሦስት ጭረት አለ።

ሦስት። የሽንኩርት ይሁን የከሰል አላስታውስም፤ መቼ እንደሆነም አላስታውስም። ደመወዝ የዘገየበት አንድ ክረምት ነበር፤ ያኔ ይሆናል። እሳቸው አንድ ቀን አላነሱብኝም፤ እኔም በዚያ በር ስንት ጊዜ ስወጣ ስገባ ቀና ብዬ አላየሁም። ለልጁ ምልክቶቹን አንድ በአንድ የማውቀውን ያህል ነገርኩት፤ ክራሯን ዘልዬ። ሲስቅ ቆይቶ ዝም አለ። ቦርሳዬን አወጣሁና፣ "በል እንግዲህ፣ ሦስት ጭረት ስንት ይሆናል?" አልኩት።

"ጋሼ፣ በየትኛው ዘመን ዋጋ?" አለኝ።